ፊደል በዐዋቂ ሰው አንጎል ላይ የሚሠራው ሥራ

ሰው ከእናቱ ማኅፀን ሲወጣ ለማየት፣ ለመስማትና ለመናገር የተሰናዳ አንጎል ይዞ ይወለዳል። ሕፃን የእናቱን ፊት ለይቶ እንዲያውቅና ድምፅዋን ሰምቶ እንዲዞር የሚያስተምረው መምህር አያስፈልገውም። ለንባብ የተሰናዳ አንጎል ይዞ የተወለደ ሰው ግን ከመኳንንት ልጅ እስከ ድኻ ልጅ ድረስ አንድ ስንኳ አልተገኘም። ጽሕፈት ከተፈለሰፈ ገና 5,000 ዓመት ያህል ቢሆነው ነው፤ ይህም በሰው ዘር ዕድሜ ፊት ሲታይ እንደ ትናንትና ያለ ጊዜ ነው። ስለዚህ ንባብ ለሌላ ሥራ የተፈጠረውን የአንጎል ክፍል ወስዶ፣ አለማምዶና አሠልጥኖ ወደ አዲስ ሥራ የሚያሰማራ ጥበብ ነው እንጂ እንደ መራመድ በጊዜው ራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ይህ ማሠልጠን በሕፃንነት ብቻ የሚቻል ነውን? ወይስ ዕድሜው ለገፋ ሰውም በሩ ክፍት ነው? ጥያቄው ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በየቤታችን ፊደል ሳይቈጥሩ ያረጁ እናቶች አሉ፤ ታናናሾቻቸውን ሲያዝሉና ሲያሳድጉ ከትምህርት የቀሩ ታላላቅ እኅቶች አሉ፤ ከባላገር መጥተው ልጆቻችንን የሚያሳድጉ፣ እንጀራችንን የሚጋግሩ ሠራተኞች አሉ። «እኔማ ጊዜዬ አልፏል» የሚለውን ቃል ከነዚህ ሰዎች አፍ ያልሰማ አንባቢ የሚገኝ አይመስለኝም። ቃሉ እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን የአንጎልን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ሲያጠኑ የደረሱበትን እዚህ ላይ እንጽፋለን። የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ በኛ አቈጣጠር የተጻፈ ሲኖር ለይተን እናመለክታለን።

የነገሩ ሥር የተገኘው በፈረንሳይ አገር በፓሪስ ከተማ ነው። በ1887 አንድ ንባብ የሚወድ ሽማግሌ ከዕለታት አንድ ቀን መጽሐፉን ቢገልጥ ከተጻፈው ውስጥ አንዲት ቃል ስንኳ ማንበብ ተሳነው። ዐይኑ አልታወረም፤ ሰውን ያያል፣ ዕቃውን ሁሉ በየስሙ ይጠራል። አንደበቱም አልተያዘም። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ብዕር ቢሰጡት እንደ ቀድሞው አድርጎ ይጽፋል፤ የጻፈውን መልሰህ አንብብ ቢሉት የገዛ እጁን ጽሕፈት እንደ ባዕድ አገር ጽሕፈት ቈጥሮ ያፈጥበታል። ቍጥር ያነባል፣ ሒሳብም ይደምራል። አንዱን ፊደል ለማወቅ ሲጨንቀው ቅርጹን በጣቱ እየተከተለ ይሥለው ነበር፤ ዐይኑ የረሳውን እጁ ያስታውሰው ነበርና።

የዐይን ሐኪሙ ዐይኑ ደኅና መሆኑን ካየ በኋላ ዦዜፍ ዡል ደዠሪን ወደሚባለው የአንጎል ሐኪም ላከው። ሽማግሌው በ1892 ሲሞት ደዠሪን አንጎሉን ከፍቶ ቢመረምር፣ በግራው ወገን ወደ ኋላ ያለው ክፍል ደም ተቋርጦበት ተበላሽቶ አገኘው። እንግዲህ ከዚህ የተማርነው ለማየት የሚበቃ ዐይንና ለመናገር የሚበቃ አንደበት ሁለቱም ሳይጐዱ፣ በመካከላቸው ፊደልን ለቋንቋ የሚያስረክብ አንድ ስፍራ ብቻ ተለይቶ ሊጠፋ የሚችል መሆኑን ነው።

ከደዠሪን በኋላ ብዙ ዘመን የሊቃውንት ምርመራ በታመመና በሞተ ሰው አንጎል ላይ የቆመ ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ኤም አር አይ የተባለው በማግኔት ኃይል የሚሠራ መሣሪያ፣ ጤነኛ ሰው በሕይወቱ ሳለ ከአንጎሉ የትኛው ክፍል እንደሚሠራ ለማሳየት በቃ። የሚሠራው ክፍል ብዙ ደም ወደ ራሱ ስለሚጠራ መሣሪያው የደሙን ሂደት ተከትሎ ቦታውን ያመለክታል። በዚህ መንገድ የፈረንሳይ ሊቃውንት ስታኒስላስ ደሃን እና ሎራን ኮኤን ደዠሪን በሞተ ሰው ላይ ያየውን ስፍራ በሕያዋን አንባቢዎች ላይ ለይተው አገኙት። ስፍራው በግራው የአንጎል ወገን ከሥር ወደ ኋላ የሚገኝ ነው። እኛ በጽሕፈት ቤት ቋንቋ የፊደል መዝገብ ቤት ብንለው የተስማማ ስም ይሆነዋል። የሚገርመውም ፈረንሳዊው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዕብራዊው ከቀኝ ወደ ግራ እያነበበ፣ ቻይናዊውም በሺህ የሚቈጠር ምልክት እየለየ፣ መዝገብ ቤታቸው የተቀመጠው እዚያው አንድ ሰፈር መሆኑ ነው።

መዝገብ ቤቱ ባልተማረ ሰው አንጎል ውስጥ ምን ይሠራ ነበር? ወደ ዋናው ጥያቄ የሚያደርሰን ይህ ነው፤ መልሱንም ለማግኘት ሊቃውንቱ የግድ ፊደል ያልቈጠሩ ዐዋቂዎችን መፈለግ ነበረባቸው። በአውሮፓ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች በብዛት የቀሩባት አገር ፖርቱጋል ነበረች።

በ1979 ዦዜ ሞራይስና ባልደረቦቹ በፖርቱጋል አገር ያልተማሩ ዐዋቂዎችን ሰብስበው ቀላል የሚመስል ጨዋታ አጫወቷቸው። ጨዋታው ከአንድ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለውን ድምፅ አንሥቶ የቀረውን መናገር ነው። ያልተማሩት ይህን ማድረግ አልሆነላቸውም፤ ካደጉ በኋላ ፊደል የተማሩት ጎረቤቶቻቸው ግን አደረጉት። በኋላ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ያልተማረ ሰው ክፍለ ቃልን መለየት ከነጠላ ድምፅ ይልቅ የሚቀለው መሆኑን አሳየ። በኛ ቋንቋ ምሳሌ ብንሰጥለት፣ «ሰላም» ከሚለው ቃል መጀመሪያውን አንሣ ቢባል «ላም» ብሎ የሚመልስ ብዙ ያልተማረ ሰው ይገኛል፤ የኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ቅርጽ አስሮ የያዘ ስለ ሆነ ጆሮ በቀላሉ የሚሰማውን ክፍል ይከተላልና። በ«ሰ» ውስጥ ያለውን ድምፅ ብቻ ፈልቅቀህ አውጣው ቢባል ግን የተማረውም ሰው ጥቂት ማሰብ ያስፈልገዋል። ጥንት ፊደላችንን የሠሩ አባቶች ስለ ጆሮ ጠባይ ብዙ ያውቁ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወደ ፖርቱጋል እንመለስ። አሌሻንድሬ ካሽትሮ ካልዳሽ የተባለው ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1998 ያሳተመው ጥናት ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርብ ነው። በዚያ አገር በደቡብ ወገን በቀድሞው ዘመን አንድ ልማድ ነበረ። የመጀመሪያዪቱ ሴት ልጅ የቤቱን ሥራ እንድትረዳና ታናናሾቿን እንድትጠብቅ ከቤት ትቀራለች፤ ታናናሾቹ ግን ጊዜያቸው ሲደርስ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። እንግዲህ ልጅቱ የቀረችው አእምሮዋ ሰንፎ ወይም ቤቱ ከሌላው ቤት ይልቅ ደኽይቶ አይደለም፤ መጀመሪያ በመወለዷ ብቻ ነው። ሐኪሙ ያልተማሩትን ሴቶች ከተማሩት ጋር ለማስተያየት የቻለው ይህ ልማድ ስላመቸው ነበር፤ በአስተዳደግና በኑሮ የሚመሳሰሉ፣ ልዩነታቸው ፊደል ብቻ የሆነ ሰዎችን ማግኘት ለመርማሪ እጅግ ብርቅ ነውና። ልማዱ የፖርቱጋል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ በሰፈሩ ያሉትን ታላላቅ እኅቶች አንድ በአንድ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ሴቶቹ ቃል እየሰሙ እንዲደግሙ ተደረገ። የታወቀ ቃል ሲሆን ሁለቱም ወገን ሳይቸገሩ ደገሙ፤ በአንጎላቸውም ሥራ ውስጥ ብዙ ልዩነት አልታየም። ትርጕም የሌለው፣ ለሙከራ የተፈጠረ ቃል ሲሰጣቸው ግን የተማሩት እንደ ሰሙት ሲደግሙት ያልተማሩት እየሳቱ፣ ወደሚያውቁት ቃል እያዘነበሉ ተቸገሩ። በአንጎል ሥዕሉም ላይ የተማሩት ያሠማሩትን ክፍል እነዚህ አላሠማሩትም።

ትርጕም የሌለው ቃል መድገም ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ለሰው አዲስ ቃል ሁሉ መጀመሪያ በሰማው ጊዜ ትርጕም የሌለው ቃል ነው። ሐኪሙ የሚነግራት የመድኃኒት ስም፣ ባንክ ቤት የሚጠራላት የሒሳብ ዐይነት፣ በዳኛ ፊት የሚነበብላት የሕግ ቃል ላልተማረች እናት ያው ነው። ከሐኪም ቤት ተመልሳ የመድኃኒቱን ስም ለውጣ ብትናገር ልጆችዋ ይስቁባታል። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ስሕተት ከዝንጋታ የመጣ ሳይሆን፣ የፖርቱጋል ሴቶች እንዳሳዩት፣ ጆሮ ያለ ፊደል ረዳት አዲስ ድምፅን ለመያዝ የሚደክም በመሆኑ ነው።

በ2010 ደሃንና ባልደረቦቹ በብራዚልና በፖርቱጋል 63 ዐዋቂዎችን በኤም አር አይ መረመሩ። ከነዚህ 10ሩ ጨርሶ ማንበብ የማይችሉ፣ 22ቱ በሕፃንነታቸው ሳይማሩ ቀርተው ካደጉ በኋላ የተማሩ፣ 31ዱም በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የገቡ ነበሩ። የተገኘው ውጤት ከተጠበቀው ይልቅ ሰፊ ሆነ። ሰውዬው የማንበብ ፍጥነቱ በጨመረ መጠን የፊደል መዝገብ ቤቱ በጽሑፍ ፊት የሚያሳየው ትጋት ይጨምራል። ከዚህም በቀር የማየት ሥራ መጀመሪያ በሚሆንበት ክፍል ላይ ዐይን ጥቃቅን መሥመርን ለመለየት የተሳለ ሆኖ ታየ። ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የጆሮ ነው፤ ሰዎቹ ምንም ሳያነቡ ንግግር ብቻ ሲሰሙ፣ በአንጎል ውስጥ የንግግርን ድምፅ የሚለየው ክፍል በተማሩት ዘንድ ካልተማሩት እጥፍ ያህል ሠራ። ፊደል በዐይን ይገባል፤ ሥራውን ግን በጆሮም ይሠራል ማለት ነው።

ለኛ ጥያቄ መልስ የሚሰጡት 22ቱ ናቸው። ዐዋቂ ሆነው የተማሩት እነዚህ ሰዎች በሕፃንነታቸው እንደ ተማሩት ያህል ፈጥነው ባያነቡም፣ በአንጎላቸው ውስጥ የታየው ለውጥ ከሞላ ጎደል ያው ለውጥ ነበር። መዝገብ ቤቱ ዘግይቶም ቢሆን ይከፈታል።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር ተጽፎ ነበር። በግራው ወገን ፊደል የያዘው ስፍራ ቀድሞ የሰውን ፊት ለመለየት ይረዳ ስለ ነበረ፣ ንባብ ሲገባ የፊት ድርሻ በዚያ ቦታ ጥቂት የቀነሰ መስሎ ታየ። ከዚህም ተነሥቶ «የተማረ ሰው የሰው ፊት ይረሳል» የሚል ወሬ እስከ መናፈስ ደረሰ። ወሬው ለቀልድ ይመች ነበር፤ ባለ ሥልጣን ሲሾም የድሮ ወዳጁን ፊት የሚረሳው ከንባብ ብዛት ነው ለማለት። ሊቃውንቱ ግን ነገሩን በወሬ አልተዉትም፤ ወደ ሕንድ አገር ሄዱ።

በሕንድ አገር በሰሜን ወገን፣ ላክናው በምትባለው ከተማ አጠገብ ባሉ መንደሮች ፊደል የማያውቁ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 30 ዓመት ግድም የሆኑ ዐዋቂዎች፣ የሚበዙትም ሴቶች፣ ለስድስት ወር ንባብ ተማሩ። የተማሩት የሂንዲ ቋንቋ የሚጻፍበትን የዴቫናጋሪን ፊደል ነው። ይህ ፊደል እንደ ኛው ተነባቢና አናባቢን በአንድነት የሚያስር በመሆኑ ነገሩ ለኛ ይበልጥ የቀረበ ነው። ከመማራቸው በፊትና ከተማሩ በኋላ አንጎላቸው ተመረመረ። ሚኻኤል ስካይደ፣ ፋልክ ሁቲግና ባልደረቦቻቸው በ2017 እንዳሳተሙት፣ ለውጡ በላይኛው የአንጎል ሽፋን ብቻ ሳይወሰን ዐይንን ከሚያዘውና ከዐይን የመጣውን ከሚያስተላልፈው ከውስጠኛው፣ ከጥንታዊው የአንጎል ክፍል ጋር ያለውን መያያዝ አጠነከረ። ይህ ክፍል በዐዋቂነት የማይለወጥ ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር ነገሩ ሊቃውንቱን አስገረመ።

የሰው ፊት ጉዳይም በ2019 በዚያው በሕንድ አገር ጥናት ተመረመረ። አሌክሲስ ኸርቬ አደልማንና ባልደረቦቹ ማንበብ መቻል የፊትን ቦታ እንደማያጠፋ ገለጹ፤ ንባብ የዐይንን ችሎታ ይጨምራል እንጂ የነበረውን አይሽርም ማለት ነው። እንግዲህ የቀድሞ ወዳጁን የረሳ ሹም ሌላ ምክንያት ይፈልግ።

ስድስት ወር ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ። ክረምትና በጋን ሳይሞላ፣ በመንደር ውስጥ፣ ቀን በሥራ ደክመው የሚውሉ ሴቶች የተማሩት ትምህርት ነው።

ኢትዮጵያ ዐዋቂዎችን ፊደል በማስተማር ከፖርቱጋልም ከሕንድም የምታንስ አይደለችም። በኛ አቈጣጠር ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓመተ ምሕረት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር በየቀበሌው ጐልማሳውና ባልቴቱ ደብተር ይዘው ከልጆቻቸው እኩያ መምህራን ፊት ተቀምጠው ነበር። ያን ጊዜ በ30 እና በ40 ዓመታቸው ፊደል የቈጠሩት ሰዎች በሕይወት ያሉት ዛሬ ያረጁ ናቸው። ደሃን በብራዚል ፈልጎ ያገኛቸውን ዐይነት ሰዎች እኛ በየጓዳችን አሉን። ዳሩ ግን ከተማሩት ውስጥ ስንቶቹ የሚያነቡት ጽሑፍ አጥተው የተማሩትን እንደ ረሱ የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ፊደል ለይቶ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሳይደናቀፉ ማንበብ ሌላ ነገር ነው፤ በአንጎል ላይ የታየው ለውጥም ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑን ከላይ ጽፈናል።

ስለ ማስተማሪያው መንገድ የቤተ ክህነት መምህራን ሊቃውንቱ ሳይጽፉት ያወቁት ነገር አለ። ተማሪ «ሀ ሁ ሂ» እያለ በዜማ ሲወርድ ብዙ ጊዜ የሚያነበው ዐይኑ ሳይሆን ጆሮው ነው፤ ገበታውን ብትሰውሩበትም ሳይሳሳት ይወርዳል። ስለዚህ መምህሩ በስንደዶ ፊደሉን እየነካ ከታች ወደ ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያስቈጥረዋል። ከዚያም አቡጊዳ ይከተላል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ተነባቢውንም አናባቢውንም ስለሚያዘዋውር፣ በቃል የያዘው ዜማ ለተማሪው አይረዳውም፤ የግድ ቅርጹን በዐይኑ መያዝ ይኖርበታል። የፊደል መዝገብ ቤት የሚሠራው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። ዛሬ ልጆቻችንን ሀሁ በዘፈን ብቻ የምናስጠና ወላጆች፣ ልጁ ዘፈኑን አውቆ ፊደሉን እንዳያጣው አቡጊዳን ባንንቀው ይሻላል።

አሁን ወደ እርጅና እንምጣ፤ ብዙ ቤተ ሰብን የሚያስጨንቀው እርሱ ነውና። አልዛይመር የሚባለውና ሌላውም የመርሳት በሽታ በሽማግሌ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የትናንቱን፣ ቀጥሎም የልጆቹን ስም ይወስድበታል። በኒው ዮርክ ከተማ ያኮቭ ስተርንና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 593 ጤነኞችን ለተወሰኑ ዓመታት ተከታትለው በ1994 እንደ ገለጹት፣ ትምህርታቸው ከስምንት ዓመት ያነሰው ሰዎች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆነ። በዚያችው ከተማ በ2019 የወጣው ጥናት ደግሞ ለጥያቄያችን ይበልጥ ይቀርባል። የተመረመሩት 983 ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በአማካይ የ77 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ትምህርታቸውም ቢበዛ አራት ዓመት የሆነ ነበሩ። ምርመራው ሲጀመር ማንበብና መጻፍ ከማይችሉት ከመቶው 35ቱ የመርሳት በሽታ ተገኘባቸው፤ ማንበብ ከሚችሉት ግን ከመቶው 18ቱ ብቻ። ሁለቱም ወገን ትምህርት ቤት የቆዩት እጅግ ጥቂት ጊዜ ስለ ሆነ፣ ልዩነቱን የትምህርት ቤት ደጃፍ ብቻ አያስረዳውም።

በእውነት ለመናገር ይህ ሁሉ ፊደል በሽታውን ያስቀራል ማለት አይደለም። ድህነት፣ የሕፃንነት ረኀብ፣ ሐኪም ማጣት ከመሃይምነት ጋር አብረው ስለሚሄዱ ጉዳቱ የየትኛው እንደ ሆነ ለይቶ መመዘን ከባድ ነው። የ2019ኙም ጥናት ማንበብ የማይችሉት ከሌሎቹ ይልቅ ፈጥነው ሲያሽቈለቍሉ አላገኘም፤ ከጅምሩ ግን ዝቅ ካለ ቦታ የተነሡ ነበሩ። ሊቃውንቱ ነገሩን የሚያስረዱት በስንቅ ምሳሌ ነው። አንጎል በትምህርትና በሥራ ያከማቸው ስንቅ በሽታው በመጣ ጊዜ ያቆየዋል፤ ስንቅ የሌለው ቶሎ ይራባል።

የስንቁን ነገር ከሁሉ አጕልቶ ያሳየው በአሜሪካ አገር ዴቪድ ስኖውደን በ1986 የጀመረው የመነኵሲቶች ጥናት ነው። ኖትር ዳም ከተባለው የመምህራን ማኅበር 678 መነኵሲቶች በየጊዜው እየተፈተኑ፣ ሲሞቱም አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቀዱ። አንድ ሕግ የሚኖሩ፣ አንድ ማዕድ የሚበሉ፣ ትንባሆ የማያጤሱ ስለ ነበሩ ለመርማሪ የተመቹ ናቸው። ከመካከላቸው አንዲቱ በ101 ዓመትዋ እስክታርፍ ድረስ ፈተናዋን በሚያስደንቅ ሁኔታ ታልፍ ነበር፤ አንጎልዋ ሲከፈት ግን የአልዛይመር ምልክት ሞልቶበት ተገኘ። በሽታው በሥጋዋ ውስጥ ነበረ፤ በኑሮዋ ላይ ግን አልሠለጠነም። ደግሞም ከመዝገብ ቤት መነኵሲቶቹ በ22 ዓመት ግድም ሳሉ በእጃቸው የጻፏቸው የሕይወት ታሪኮች ወጥተው ቢመረመሩ፣ በወጣትነታቸው ሐሳባቸውን አምልተውና አጣጥነው የጻፉት በእርጅናቸው አእምሮአቸው ይበልጥ ተጠብቆ ተገኘ። ነገር ግን ይህ ጽሕፈቱ ያመጣው ጥቅም ይሁን፣ ወይም ጥሩ አንጎል ያፈራው ጽሕፈት ይሁን ጥናቱ ብቻውን አይፈታውም።

በ2024 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የሊቃውንት ጉባኤ ሐተታ፣ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ ከመቶው 45 ያህሉ 14 ነገሮች ቢስተካከሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችል እንደ ነበር ይገምታል። ከነዚህ ውስጥ በልጅነት ትምህርት ማነስ 5 ከመቶ፣ ሕክምና ያላገኘ የጆሮ ድካም 7 ከመቶ፣ ከሰው ተለይቶ መኖር 5 ከመቶ፣ ሕክምና ያላገኘ የዐይን ድካም 2 ከመቶ ይሸፍናሉ። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ትንባሆና መጠጥም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ስለነርሱ ሐኪሞች ዘወትር ስለሚናገሩ እኔ አልደግማቸውም። የጆሮ ነገር ግን በቤታችን እጅግ የተናቀ ነው። አያት የተጠየቁትን ሳይሰሙ ሌላ ሲመልሱ «ጃጁ» ይባላል እንጂ ጆሮአቸውን ሐኪም ይይልን የሚል ጥቂት ነው።

ላልተማሩ ሰዎች የዚህ ሁሉ ክፉ ገጽታ የሚታየው በእርጅና ብቻ አይደለም። በፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት የሚውል ሰው በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው፤ ባልቴቲቱ ቀርባ ወረቀት ይነበብላታል፤ ከተነበበላት ውስጥ ግማሹ ሰምታው የማታውቀው ቃል ነው፤ ከዚያም አውራ ጣትዋ ቀለም ተቀብቶ ከወረቀቱ ግርጌ ያርፋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ወረቀት ርስትዋን የሸጠችበት ሆኖ ሲገኝ «እኔ የሰማሁት ሌላ ነው» ትላለች፤ ፊርማ ግን ፊርማ ነው። አንብቦ የሰጣት ሰው ታማኝ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ጆሮዋ አዲስ ቃል የማይዝላት መሆኑን ግን ካሽትሮ ካልዳሽ ከ1998 ጀምሮ ነግሮናል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ፊደል ለማስቈጠር የሚያስብ ሰው ከዐይን ይጀምር። ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ ሰው ሁሉ ቅርቡን ለማየት ዐይኑ ይደክማል፤ ይህ በሽታ ሳይሆን የዕድሜ ነገር ነው። ያልተማረች እናት ድካሙን የምታውቀው መርፌ ውስጥ ክር ማግባት ሲያቅታት ነው። መነጽር ሳይገዙላት ፊደል ማስተማር በጨለማ ማስተማር ነው፤ «አእምሮዬ አልቀበል አለኝ» የምትለውም ብዙ ጊዜ ዐይኗ ነው።

ሁለተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ ስለ ማስታወስ ምርመራውን ካሳተመበት ከ1885 ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የተከፋፈለ ጥናት በአንድ ቀን ከሚከመረው ይልቅ ይጸናል። በእሑድ ሦስት ሰዓት ከማስተማር በየማታው ግማሽ ሰዓት ማስተማር ይበልጣል። ለቤት ሠራተኛ ሲሆን ይህ ግማሽ ሰዓት ከሥራዋ ላይ የሚቀነስ እንጂ ከእንቅልፏ ላይ የሚወሰድ መሆን የለበትም። የደከመ ሰው አይማርም፤ ቀን የተማሩትንም አንጎል የሚያደላድለው ሌሊት በእንቅልፍ ነው።

ሦስተኛው የክብር ነገር ነው። የስድሳ ዓመት እመቤት በልጅ ልጃቸው ፊት ሲሳሳቱ ያፍራሉ፤ ልጁም ከሳቀ ነገሩ በዚያው ቀን ያበቃል። ስለዚህ መምህሩ ልጅ ከሆነ «አንቱ» እያለ፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ እርሳቸው በመረጡት ሰዓት ያስተምር። ስሕተቱን ሲያርም «እዚህ ላይ እንደገና ይዩልኝ» ማለት ይበቃል። ተና ቸ፣ ደና ጀ፣ ነና ኘ በራስጌ ምልክት ብቻ ስለሚለያዩ ለደከመ ዐይን አስቸጋሪ ናቸውና በትልቁ ተጽፈው ጎን ለጎን ይታዩ።

የመጀመሪያው ቃል የራሳቸው ስም ይሁን፤ ቀጥሎም የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ስም። ከዚያ በኋላ የቤቱ ነገር ራሱ መጽሐፍ ይሆናል፤ የጤፍና የበርበሬ ስም በከረጢቱ ላይ፣ የጎረቤት ስም በዕድር መዝገብ ላይ፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስም በእጃችን በአማርኛ ተጽፎ በጠርሙሱ ላይ ይለጠፍ። ጠዋት ጠዋትም መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ስሙን እርሳቸው ያንብቡት፤ እኛ እንጠብቅ።